ሮምን በሦስት ቀን፦ የት እንደምትሄዱ፣ ምን እንደምትበሉ

ሮም ለሦስት ቀን የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ በሁለት ነገር ተማርሮ ይመለሳል። አንደኛው ወረፋ ነው። ሁለተኛው ቱሪስት የሚርመሰመስበት አደባባይ ዳር ተቀምጦ የከፈለው የምግብ ሂሳብ ነው። ሁለቱንም ማስቀረት ይቻላል፤ ሥራው ግን የሚጀምረው ከቤት ሳትወጡ ነው።

ደግሞም ለእኛ ሮም እንደ ሌሎቹ የአውሮፓ ከተሞች አይደለችም። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈባት ከተማ ናት። የአክሱም ሐውልት ከስልሳ ዓመት በላይ ቆሞባታል። መነኮሳቶቻችን ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ቤተ ክርስቲያን ነበራቸው። የተለመዱት የጉዞ መመሪያዎች ይህን ብዙም አያነሱትም። እኔ የማሳያችሁ መንገድ ግን ኮሎሲየሙንም የእኛንም ታሪክ በአንድ ጉዞ ያዳርሳል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

1. ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ቲኬት ቁረጡ

ሁለት ብቻ፦ የኮሎሲየምና የቫቲካን ሙዚየም። ሌላው ሁሉ እዚያው ይደርሳል።

የኮሎሲየም ቲኬት በኦፊሴላዊው ድረ ገጽ ላይ ከጉብኝቱ ቀን 30 ቀን ቀደም ብሎ መሸጥ ይጀምራል። መደበኛው 18 ዩሮ ነው። በዚሁ ቲኬት አጠገቡ ያለውን የጥንት የሮም አደባባይ፣ ማለትም ፎሮ ሮማኖን፣ እና የፓላቲኖን ኮረብታ ታያላችሁ። ቲኬቱ በስም ነው የሚቆረጠው፤ በር ላይ ከመታወቂያ ጋር ያመሳክሩታል። ስለዚህ ስማችሁን፣ የአባትና የአያት ስም ጭምር፣ ልክ ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው አስገቡ። አንድ ፊደል እንዳታሳስቱ።

የቫቲካን ሙዚየም 20 ዩሮ ነው፤ በኢንተርኔት ሲቆረጥ 5 ዩሮ ይጨመርበታል። ያቺን 5 ዩሮ አትሰስቱባት። በበጋ የዚያ ግንብ ሥር ወረፋ ሰዓታት ይፈጃል። እሑድ ሙዚየሙ ዝግ ነው። የወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ በነፃ ይከፈታል። ብዙ ሰው በነፃው ቀን ሂዱ ይላል፤ እኔ አልመክርም። ግፊያው ሥዕሉን ቀና ብሎ ለማየት እንኳ አያስችልም።

ወቅት መምረጥ የምትችሉ ከሆነ ሚያዝያና ግንቦት፣ ወይም መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ጥሩ ናቸው። ነሐሴን ተዉት። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ በአውሮፓውያኑ ኦገስት 15 በዓል ሰሞን ደግሞ ብዙዎቹ ጥሩ ምግብ ቤቶች ዘግተው ባሕር ዳር ይወርዳሉ።

ጫማ ላይ አትደራደሩ። የሮም መንገድ ትንንሽ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። ስስ ሶል ያለው ጫማ ያደረገ ሰው እስከ ማታ እግሩ ይላላጣል።

2. ከአየር ማረፊያ ወደ ከተማ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ፊዩሚቺኖ ነው። ከዚያ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር የትም ሳይቆም በግማሽ ሰዓት ገደማ ተርሚኒ ጣቢያ ያደርሳችኋል፤ 14 ዩሮ ነው። 8 ዩሮ የሚያስከፍል ሌላ ባቡርም አለ። እሱ ተርሚኒ አይደርስም፤ ማረፊያችሁ ትራስቴቬሬ ወይም ኦስቲየንሴ አካባቢ ከሆነ ግን እሱ ይሻላል። ታክሲ ከያዛችሁ ከተርሚናሉ ውጭ ከተሰለፉት ነጮቹ ውስጥ ያዙ። እስከ አሮጌው ከተማ ቅጥር ድረስ ቁርጥ ዋጋ አላቸው። ውስጥ ድረስ መጥቶ «ታክሲ? ታክሲ?» የሚላችሁን አትከተሉ።

ከተማው ውስጥ የአንድ ጉዞ ቲኬት 1.50 ዩሮ ነው፤ 100 ደቂቃ ያገለግላል። ሜትሮ ላይ የባንክ ካርዳችሁን ማስነካት በቂ ነው። የወረቀት ቲኬት ይዛችሁ አውቶቡስ ከተሳፈራችሁ ግን ማሽኑ ላይ አስመቱት። ተቆጣጣሪ ከመጣ «እንግዳ ነኝ» ማለት ከቅጣት አያድንም።

ኪስ አውላቂ አለ። በተለይ ተርሚኒ፣ ሜትሮ መስመር ኤ፣ እና ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ። ስልካችሁን ከኋላ ኪስ አውጡ፤ ቦርሳችሁን ወደ ፊት አዙሩ።

ውሃ አትግዙ። ከተማው ውስጥ 2,500 ገደማ የመንገድ ዳር ቧንቧዎች አሉ፤ ቀን ከሌት ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ያፈስሳሉ። አጠቃቀማቸውን ልንገራችሁ። የቧንቧው አፍንጫ ላይ ከላይ በኩል ትንሽ ቀዳዳ አለች። የታችኛውን አፍ በጣታችሁ ስትደፍኑት ውሃው በዚያች ቀዳዳ ሽቅብ ይፈናጠራል። ጎንበስ ብላችሁ ሳትረጥቡ ትጠጣላችሁ።

3. የመጀመሪያው ቀን፦ የአበበ መንገድ

ጠዋት ከካምፒዶልዮ ኮረብታ ጀምሩ። ሰፊውን መወጣጫ ስትጨርሱ የምታገኙት አደባባይ ማይክል አንጄሎ የነደፈው ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 የኦሊምፒክ ማራቶን የተነሣው ከዚህ ነው። ከመሃለኛው ሕንፃ ጎን ዞራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ፎሮ ሮማኖ ከእግራችሁ ሥር ተዘርግቶ ይታያል፤ አምዶቹ፣ የፈረሱት ቤተ መቅደሶች፣ በመሃል የሚያልፈው የድንጋይ መንገድ። ክፍያ የለውም። መጀመሪያ ከዚህ ያየ ሰው በኋላ ታች ሲገባ የት እንዳለ አይጠፋውም።

ቀጥሎ ወደ ኮሎሲየም ውረዱ። የመግቢያ ሰዓታችሁ ቁርጥ ስለሆነ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ፤ ፍተሻው ራሱ ጊዜ ይወስዳል። በንጉሥ ቨስፓስያን ዘመን ተጀምሮ በልጁ በቲቶ ዘመን በ80 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። ውስጡን ለማየት አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ከዚያ ፎሮ ሮማኖ ግቡ። ጥላ የለውም፤ ኮፍያ ያዙ።

ከኮሎሲየሙ አጠገብ ያለው ባለ ሦስት በር ቅስት የቆስጠንጢኖስ ነው። የንግሥት እሌኒ ልጅ፣ በደመራ ሰሞን የምናነሣው እሱ ራሱ። ቅስቱ የተመረቀው በ315 ነው። አሁን ጀርባችሁን ለቅስቱ ሰጥታችሁ በዛፍ የተከበበውን ቀጥ ያለ መንገድ ተመልከቱ። ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ይባላል። አበበ ቢቂላ በዚያ ምሽት በችቦ ብርሃን የመጣው በዚህ መንገድ ነው፤ የጨረሰውም ይኸው ቅስት ሥር ነው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። በዓለም ከዚያ በፊት በዚህ ፍጥነት ማራቶን የሮጠ አልነበረም።

መንገዱን በእግር ሂዱበት፤ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ግድግዳው ላይ የድሉን 50ኛ ዓመት የሚያስታውስ ጽሑፍ ስለተለጠፈ ዓይናችሁን ከግንቡ አታንሡ። በ2010 የሮም ማራቶን ያሸነፈው ሲራጅ ገናም ለአበበ ክብር የመጨረሻዎቹን 300 ሜትር ጫማውን አውልቆ ነው የሮጠው።

የመንገዱ መጨረሻ ፖርታ ካፔና አደባባይ ነው። ፊት ለፊት የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት፣ የፋኦ ሕንፃ አለ። ሕንፃው መጀመሪያ የታሰበው ለፋሺስቱ የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። በፊቱ የተተከለው ደግሞ በ1937 ከአክሱም ተነቅሎ የመጣው፣ 24 ሜትር ርዝመት ያለው ሐውልታችን። አበበ በዚያ ምሽት በዚህ ሐውልት አጠገብ አለፈ። እሱና የሞሮኮው ራዲ እስከ መጨረሻው አካባቢ ጎን ለጎን ነበሩ። አበበ ያመለጠው አሁን በእግራችሁ በመጣችሁበት በዚህ ቁራጭ መንገድ ላይ ነው፤ በ25 ሰከንድ ቀደመው።

ሐውልቱ በ2005 በሦስት ተከፍሎ አክሱም ገባ፤ በ2008 በቦታው ቆመ። ዛሬ አደባባዩ ላይ የምታዩት በአሜሪካው የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ለሞቱት የቆሙ ሁለት አምዶች ናቸው። ቱሪስት ዞር ብሎ አያየውም። ለኢትዮጵያዊ ግን ሮም ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ጊዜ ስጡት። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ታሪኩን እዚያው ቆማችሁ ንገሯቸው።

ከፋኦ ደጃፍ ቺርኮ ማሲሞ ሜትሮ ጣቢያ ቅርብ ነው። አንድ ፌርማታ ሄዳችሁ ፒራሚዴ ላይ ውረዱ። እውነተኛ ፒራሚድ ታያላችሁ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ የአንድ ሮማዊ ባለሥልጣን መቃብር ነው። ከዚያ ወደ ቴስታቾ ሰፈር ግቡ። ምሳ እዚህ ነው።

4. ቴስታቾ፦ ጨጓራ ለሚወድ ሰው

ቴስታቾ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 1975 ድረስ የሮም ቄራ የነበረበት ሰፈር ነው። ጥሩ ጥሩው ሥጋ ወደ ሀብታም ቤት ሲሄድ ለቄራ ሠራተኛው የሚተርፈው ጨጓራ፣ አንጀት፣ ጭራና ምላስ ነበር። ሰፈሩ ከዚያ ተነሥቶ ሮም የምትኮራበትን ምግብ ሠራ። አንዳንድ የአውሮፓ ቱሪስት ስሙን ሲሰማ ፊቱን ያዞራል። በዱለትና በጨጓራ ላደግን ለእኛ ግን ቤታችን እንደ መግባት ነው።

ትሪፓ አላ ሮማና የሚባለው ጨጓራ በቲማቲም ስጎ ቀስ ብሎ የበሰለ ነው። ከላይ የበግ አይብና የናና ዓይነት ቅጠል ይነሰነስበታል። ከእኛው የሚለየው ቅመሙ ለስለስ ማለቱ ነው፤ ሚጥሚጣ አትጠብቁ። በድሮው ልማድ የጨጓራ ቀን ቅዳሜ ነው። ኮዳ አላ ቫቺናራ ደግሞ የበሬ ጭራ ነው፤ በቲማቲምና በሰለሪ ለሰዓታት ይበስልና ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ ይለያል። በዳቦ ስጎውን ጠርጉት፤ እነሱም ያደርጉታል፣ ነውር አይደለም። ጭራውን ከማዘዛችሁ በፊት ግን የሚቀጥለውን ክፍል አንብቡ።

5. የአሳማ ነገር፣ የጾም ነገር

የሮም አራቱ ዝነኛ ፓስታዎች ካርቦናራ፣ አማትሪቻና፣ ግሪቻ እና ካቾ ኤ ፔፔ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጓንቻሌ ይገባባቸዋል፤ ጓንቻሌ የአሳማ ጉንጭ ነው። አሳማ የማይበላ ሰው የሚቀረው ካቾ ኤ ፔፔ ነው፦ ፓስታ፣ የበግ አይብና ቁንዶ በርበሬ፣ በቃ። እኔን ከጠየቃችሁ ከአራቱም እሱን አስቀድማለሁ።

ሜኑ ላይ እነዚህን ካያችሁ አሳማ ነው፦ ማያሌ፣ ፕሮሹቶ፣ ፓንቼታ፣ ላርዶ፣ ስትሩቶ፣ ሞርታዴላ። ሳልሲቻም አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ነው። የበሬ ጭራውና አንዳንዱ ስጎ ውስጥ ለጣዕም ብለው የአሳማ ስብ ስለሚጨምሩ አስተናጋጁን ጠይቁ። «ሴንጻ ማያሌ» ማለት ያለ አሳማ ማለት ነው። ሳይደብቁ ይነግሯችኋል። ሐላል ሥጋ የምትፈልጉ ደግሞ በተርሚኒ አካባቢ ያሉትን የስደተኞች ምግብ ቤቶች ሞክሩ።

ለጿሚ ሮም አትከብድም። ፒሳ ማሪናራ አይብ የለውም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ነው። ስፓጌቲ አልዮ ኤ ኦልዮ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ይሠራል። የሚያቃጥል የሚወድ ፔኔ አራቢያታ ይዘዝ፤ አይብ እንዳይነሰነስበት «ሴንጻ ፎርማጆ» በሉ። ጎን ለጎን ቺኮሪያ አስመጡ፤ መረር ያለ ጎመን በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ የተጠበሰ ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ እንደ ፌቱቺኔ ያለው ትኩስ ፓስታ በእንቁላል ነው የሚቦካው። ለጾም ደረቁን ፓስታ ያዙ።

6. ቡናና ሂሳብ

ቡና በባንኮኒ ቆማችሁ ጠጡ። ያው ቡና ጠረጴዛ ላይ ሲመጣ ዋጋው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ብዙ ቦታ መጀመሪያ ካሸሯ ጋ ትከፍሉና ደረሰኙን ባንኮኒው ላይ ታስቀምጣላችሁ። ማኪያቶ ስታዙ የአዲስ አበባውን አትጠብቁ፤ በአንዲት ትንሽ ስኒ የወተት ጠብታ የነካው ጥቁር ቡና ይመጣል። ወደ እኛው የሚቀርበው ካፑቺኖ ነው። እነሱ ከጠዋት ውጭ አይጠጡትም፤ ከሰዓት ብታዙት ግን የሚከለክላችሁ የለም።

ምሳ ከ12:30 እስከ 2:30 ነው፣ በፈረንጅ ሰዓት። እራት ከምሽቱ 7:30 በፊት ብትሄዱ ብዙዎቹ ጥሩ ቤቶች ገና አልተከፈቱም። ደጃፍ ላይ ቆሞ በእንግሊዝኛ የሚጠራችሁ ካለ፣ የምግብ ፎቶ የተለጠፈበት ትልቅ ሰሌዳ ካለ፣ እለፉት። ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ ግቡና ሠራተኛው የሚበላበትን ፈልጉ። ዓሣ ስታዙ ዋጋው የምን ያህል እንደሆነ እዩ፤ አንዳንድ ቦታ የሚጻፈው የ100 ግራም ዋጋ ነው። ሂሳቡ ላይ ለዳቦ አንድ ሁለት ዩሮ ቢጨመር ልማዳቸው ነው። ጉርሻ ግዴታ አይደለም።

ለምሳ መቀመጥ ካልፈለጋችሁ በመቀስ እየተቆረጠ በሚዛን የሚሸጠውን ፒሳ ብሉ። የምትፈልጉትን ያህል በእጃችሁ ታሳያላችሁ፤ እዚያ ላይ ይቆርጣል።

7. ሁለተኛው ቀን፦ ቫቲካን

ትከሻና ጉልበት የሚያሳይ ልብስ አያስገባም። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻርፕ ቦርሳ ውስጥ ያዙ። ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ ከሕዝብ ጋር ስለሚገናኙ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ፣ ማለትም ትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ አይገባበትም፤ ሌላ ቀን ምረጡ።

ሙዚየሙን በጠዋቱ የመጀመሪያ ሰዓት ጀምሩ። ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ፤ ልብ ይዝላል። የካርታዎቹን አዳራሽና የራፋኤልን ክፍሎች አይታችሁ ወደ ሲስቲን ቻፔል ሂዱ። ጣሪያውን ማይክል አንጄሎ ከ1508 እስከ 1512 ሣለው። ከመሠዊያው ጀርባ ያለውን የፍርድ ቀን ሥዕል የሣለው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው። ግድግዳው ሥር ያሉት አግዳሚዎች ላይ ቦታ ሲለቀቅ ተቀመጡና ቀና በሉ፤ ቆሞ ማየት አንገት ይሰብራል።

የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያው ነፃ ነው። ጉልላቱ ላይ መውጣት ይከፈልበታል፤ ደረጃው 551 ነው፣ በሊፍት ከጀመራችሁ 320 ይቀራል። አቅም ያለው ይውጣ። ከላይ ሆናችሁ ፊት ለፊት ያለውን አደባባይ ካያችሁ በኋላ ወደ ጀርባ ዙሩና የቫቲካንን አትክልት ስፍራ ተመልከቱ። የኢትዮጵያ ኮሌጅ ያለው እዚያ ነው። ከባዚሊካው በስተጀርባ ደግሞ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባለው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1479 ጳጳስ ሲክስቱስ አራተኛ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሰጡት። አባ ተስፋ ጽዮን የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን በ1548 እና 1549 ሮም ላይ ያሳተሙት እዚህ እየኖሩ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመናዊው ሊቅ ከሉዶልፍ ጋር የተዋወቁትም በዚህች ከተማ ነው። ቦታው በተራ ቲኬት አይገባበትም፤ የአትክልት ስፍራውን ጉብኝት በቅድሚያ ያስያዘ ሰው ግን ወደ አካባቢው ይቀርባል።

8. ሦስተኛው ቀን፦ በእግር ብቻ

ትሬቪ ፏፏቴን በማለዳ እዩ። በ1762 ያለቀ ነው። ረፋድ ላይ ከሰው ጀርባ በስተቀር የሚታይ ነገር የለም። ሳንቲም ከጣላችሁ ለድሆች መርጃ ይውላል።

ከዚያ ጥንታዊው የሮማውያን ቤተ መቅደስ ፓንቴዮን፤ መግቢያው 5 ዩሮ። ጉልላቱ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት የሚጠጋ ያለ ብረት የቆመ ኮንክሪት ነው፣ 43 ሜትር ስፋት አለው። መሃሉ ክፍት ነው። ዝናብ ከመጣ አትሽሹ፣ ግቡ። ዝናቡ ቀጥ ብሎ ወለሉ ላይ ይወርድና በእብነ በረዱ መሃል በተበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይሄዳል።

አምስት ደቂቃ ወደ ምዕራብ ፒያሳ ናቮና አለ። በመሃሉ ያለው የበርኒኒ ፏፏቴ አራት ወንዞችን በአራት ሰዎች ይወክላል። ፊቱን በጨርቅ የተከናነበው ዓባይ ነው። የወንዙ ምንጭ አይታወቅም ብለው ነው የሸፈኑት። ፏፏቴው ያለቀው በ1651 ነው። የሰከላ ገበሬ ግን ግሽ ዓባይን ጥንትም ያውቀዋል፤ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን መነኩሴ እንኳ በ1618 ቦታው ደርሶ አይቶታል።

ለምሳ ወደ አይሁድ ሰፈር ውረዱ። ቪያ ዴል ፖርቲኮ ዶታቪያ ላይ ያሉት የኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ የምግብ ሕግ የሚሠሩ፣ ምግብ ቤቶች አሳማ የሚባል አያስገቡም፤ ዓርብ ማታና ቅዳሜ ቀን ይዘጋሉ። ካርቾፎ አላ ጁዲያ እዘዙ። አርቲቾክ የሚባል እንደ አበባ እምቡጥ ያለ አትክልት ሙሉውን ነው፣ ሁለት ጊዜ በዘይት ተጠብሶ እንደ አበባ የተከፈተ። የውጪው ቅጠል እንደ ድንች ቺፕስ ይሰበራል፤ ልቡ ለስላሳ ነው። በእጅ እየቀነጠሳችሁ ብሉ። ለጾምም ይሆናል። የሚጣፍጠው ከክረምታቸው መጨረሻ እስከ ጸደይ ነው።

አይስክሬም ስትገዙ የፒስታሽዮውን ቀለም እዩ። ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ቀለም ነው፤ ደብዘዝ ያለ ወደ ቡኒ የሚያደላ ከሆነ ለውዙ ነው። ተራራ ሆኖ የተከመረውንም እለፉ።

9. ከመመለሳችሁ በፊት

ሻንጣችሁን ተርሚኒ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ አኑሩ። የጣቢያው ፊት ለፊት አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኮቼንቶ ይባላል፤ በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ለደመሰሷቸው አምስት መቶ ያህል የጣልያን ወታደሮች የተሰየመ ነው። ከአደባባዩ ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ቪያ ዴሌ ቴርሜ ዲ ዲዮክሌዚያኖ ላይ፣ የሞቱት ስም የተጻፈበት ሐውልት አለ፤ አናቱ ላይ ያለው የግብፅ ድንጋይ ነው። ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ የዘረፉትን የይሁዳ አንበሳ አጠገቡ አቁመውት ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1938 ሰይፉን የመዘዘው እዚህ ነው። አንበሳው ዛሬ ለገሀር ነው ያለው።

በዚሁ ሰፈር የኤርትራና የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ስላሉ እንጀራ የናፈቀው እዚህ ይመገብ። የአየር ማረፊያው ባቡር ከጣቢያው ጫፍ ስለሚነሣ ከዋናው አዳራሽ የአሥር ደቂቃ እርምጃ አስቡ። ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ፊዩሚቺኖ ለመድረስ ከበረራው አራት ሰዓት ቀድማችሁ ተርሚኒን ልቀቁ።